ሌንሷ ደህና ናት?

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ክብር ምስጋና ለመድኃኔዓለም፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። እንዳትስቂብኝ። ልጅ ሆነን ለሰፈራችን እናቶች ደብዳቤ ስንጽፍ የለመድነው አጀማመር ነው። «ከናፍቆትሽ በስተቀር» ካላልን ደብዳቤው ደብዳቤ አይመስላቸውም ነበር። ዛሬ ሌላ አጀማመር ብፈልግ አጣሁ።

በቴሌግራም ልጽፍልሽ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ አጥፍቻለሁ። ስከፍተው የመጨረሻው መልእክትሽ እዚያው ቁጭ ብሎ ያየኛል። «ሌንሷ ደህና ናት?» ይላል። ሁለት ዓመት አለፈው። ማየቴን አንቺም አይተሻል። ያን ቀን «ነገ እመልስላታለሁ» አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንት ወር ሆነ። ከዚያ በኋላማ ስለ ሌንሷ ብቻ ሳይሆን ስለ ዝምታዬም መልስ ልሰጥ ነው። ዕዳው ወለድ ወለደ።

ላፍርጠውና ይውጣልኝ። ሌንሷ ደህና አይደለችም።

የጋሼን 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አደራ» ብለሽ በነጠላ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝን፣ ጅቡቲ ወስጄ የባሕር ውሃ አስነካኋት። ሰው የአደራ ዕቃ ታክሲ ውስጥ ይረሳል፣ መርካቶ ይሰረቃል። እኔ ባሕር በሌለው አገር እየኖርኩ ባሕር ውስጥ ከተትኳት። አደራ በላ በዪኝ፣ ይገባኛል። ግን እንዴት እንደሆነ ስሚኝ።

ኅዳር 2016 ነው። ጅቡቲ የሚኖሩ ሙሽሮች ሠርጋቸውን እንዳነሳ ጠሩኝ። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ በባቡር ሄድኩ። ስለ ሠርጉ ብዙ የምነግርሽ የለም፣ ሠርግ ያው ሠርግ ነው። ሙሽራዋ ሜካፕ ላይ ሦስት ሰዓት ቆየች። አንድ የአጎት ልጅ በስልኩ ሊቀርጽ ፊቴ ሲገተር ዋለ። ኬኩ በሙቀት ዘመመ። ቅዳሜ አለቀ። የመመለሻዬ ባቡር ማክሰኞ ስለነበር ሁለት ጠዋት ተረፈኝ።

ባሕሩን መጀመሪያ ያነሳሁት ከሠርጉ በፊት፣ ዓርብ ከሰዓት በጠራራ ፀሐይ ነበር። ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው ሁሉም አንድ ነው። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ሰማያዊ፣ መሃል ላይ መስመር። የባንክ ካላንደር ይመስላል። ጋሼ «ብርሃን ሲጋደም ነው ነገር የሚታየው» ይሉን የነበረው ትዝ አለኝ። አናት ላይ ያለ ፀሐይ ጥላ አይሰጥም። ጥላ ከሌለ ደግሞ ጉብታው ከጎድጓዳው አይለይም።

ስለዚህ የሚያመላልሰኝን ሾፌር በጠዋት እንዲወስደኝ ለመንኩት። አማርኛ አሳምሮ ይናገራል። «በስድስት እመጣለሁ» አለኝ። በልቤ፣ ስድስት ሰዓት ላይማ ፀሐይዋ አናቴን ልትፈልጠው ነው፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ልከራከረው ስል ገባኝ። እነሱ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው። የእሱ ስድስት የኛ 12 ነው። ለጥቂት ተረፍኩ።

እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲየስታ የሚባለው የከተማው ዳርቻ ቆሜ ነበር። ባሕሩ የለም። እውነቴን ነው፣ ሸሽቷል። ርቆ ሄዶ ቀጭን ብርማ ክር ሆኗል። የተወው መሬት ግን እግሬ ሥር ተዘርግቷል፣ ፀሐይዋም ከጎን ተጋድማ ትዳብሰዋለች። አሸዋው ሽንሽን ነው። ልክ እንደ ሽንሽን ቀሚስ፣ አንዱ እጥፋት ከሌላው ሦስት አራት ጣት ያህል እየራቀ እስከ ዓይን መድረሻ ይሄዳል። በሆዴ ተኛሁ። የሠርግ ጫማዬን አላወለቅኩም እንኳ።

ከሩቅ አንድ ዓይነት የመሰለኝ ሽንሽን ቀረብ ስል ሁለት ዓይነት ሆነ። አንደኛው ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ጫፉ ሹል፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይመስላል። ይሄ የሞገድ ሥራ ነው። ሞገድ ከላይ ሲያልፍ ታች ያለው ውሃ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። አሸዋውን ከሁለቱም በኩል እኩል ስለሚገፋው ሁለቱም ጎን እኩል ይሆናል። ሁለተኛው ግን አንድ ጎኑ ለስላሳ ዳገት ነው፣ ሌላው ቀጥ ያለ ቁልቁለት። እሱ የጅረት ሥራ ነው። ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲፈስ አሸዋውን ቀስ አድርጎ ዳገቱን ያወጣውና በወዲያኛው በኩል ያፈርሰዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ወዴት እንደዞረ ካየሽ፣ ውሃው ወዴት እንደሄደ ታውቂያለሽ። ውሃው ከሄደ በኋላ!

ይሄ ነገር ለምን እንዲህ እንደያዘኝ እንጃ። ዕድሜዬን በሙሉ «ፈገግ በሉ፣ ወደኔ እዩ» እያልኩ ነው ያነሳሁት። ለካሜራ ብሎ የተሠራ ፊት ነው የማነሳው። እዚህ ግን ማንም ለማንም ብሎ ያደረገው ነገር የለም። ሥራው ተሠርቶ አልቋል፣ ሠሪው ሄዷል፣ እኔ ደግሞ ዘግይቼ ደርሻለሁ።

ደግሞ እንጀራ አለ። አትሳቂ፣ ዓይን ያለው እንጀራ! ሞገዱ ከፍ ብሎ ደረቁን አሸዋ ሲያለብሰው ውሃው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በአሸዋው ቅንጣቶች መሃል የነበረው አየር መውጫ ሲያጣ እየበሳሳ ይወጣል። ቁርጥ ምጣድ ላይ ያለ ሊጥ። ከእነዚህ ዓይኖች ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ጠጠር ነበረች፣ ከሽምብራ የማትበልጥ። ወደ ባሕሩ የሚመለሰው ውሃ ሲገጥማት በፊቷ በኩል ጨረቃ የመሰለች ጉድጓድ ቆፍሯል። ከኋላዋ ደግሞ ቀጭን የአሸዋ ጭራ ትቶላታል። የጋሼ ሌንስ ከ45 ሳንቲሜትር በታች አይቀርብም፣ ታውቂዋለሽ። ያችን ጠጠር ለማንሳት እዚያ ጠርዝ ላይ አድርጌ ትንፋሼን ይዤ ፎከሱን በጣቴ አዞርኩ። ቀለበቱ እንደ ቅቤ ነበር። ያን ጊዜ።

መለኪያ ሳንቲም አጠገቧ አላስቀመጥኩም። አዋቂዎቹ ያስቀምጣሉ፣ ለእነሱ መጠኑ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ግን መጠኑ ሲጠፋ ነው የምወደው። ሽንሽኑን ያነሳሁትን ላንድ ሰው ሳሳየው «ከአውሮፕላን ላይ ነው? ስሜን ተራራ ነው?» አለኝ። ሹተሩን 30 ሰከንድ ከፍተው ባሕሩን ወተት የሚያስመስሉትን ግን አልቻልኳቸውም። ያምራል፣ አልካድኩም። ግን ሞገዱ ያደረገውን ሁሉ ያጥበዋል።

ከፍ ብሎ ደግሞ፣ ሞገዶቹ የደረሱበት ጫፍ ላይ ክር የመሰሉ መስመሮች አሉ። የነጠላ ጠርዝ ነው የሚመስሉት። እያንዳንዱ ሞገድ ሲመለስ የአሸዋ ቅንጣትና የዛጎል ስብርባሪ በቀጭኑ ጥሎ ይሄዳል። የሚቀጥለው ከፍ ብሎ ከመጣ ያለፈውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ የትኛው እንደቀደመ ታውቂያለሽ። ሳይቆረጥ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው መስመር የመጨረሻው ነው። ቁጭ ብዬ የስምንት ሞገድ ቅደም ተከተል አነበብኩ፣ ልክ የቤተሰብ ጠብ ማን ጀመረው እንደሚባለው።

ሰኞ ነው ጉዱ። ባሕር ሲሸሽና ሲመለስ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደኋላ እንደሚገፋ ሾፌሩ ነግሮኛል። ምድር ዞራ ስትመለስ ጨረቃ እዚያው አትጠብቃትም፣ ትንሽ ተራምዳለች፣ ምድርም እስክትደርስባት ነው። እኔ ሆዬ ወዲያው አዋቂ ሆንኩ። «እንግዲያው ዛሬ 50 ደቂቃ ትርፍ አለኝ» አልኩ። ቦርሳዬን ከኋላዬ አሸዋ ላይ አስቀምጬ፣ ዚፑን ከፍቼ፣ ወደ ባሕሩ እያየሁ በሆዴ ተኛሁ። የሚመጣ ከሆነ ከፊት ለፊቴ ይመጣል፣ አየዋለሁ ብዬ ነው። ለካ ሜዳው ላይ ዝቅ ያለች ቦይ አለች። ባሕሩ በሷ ዞሮ ከኋላ መጣ። እንደ ሌባ። የሾፌሩን ጩኸት ሰምቼ ስዞር ቦርሳው ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። የጋሼ 50 ክፍቱ ኪስ ውስጥ ነበረች።

በሻሼ ጠራረግኳት። ማድረግ የሌለብኝን ማለት ነው።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ፒያሳ ፎቅ ላይ ለነበሩት ሽማግሌ ካሜራ ጠጋኝ ወሰድኳት። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ቀለበቱን አዞሩት። ቅርርር አለ። ፊታቸውን አላስብም። «ወዲያው በንጹሕ ውሃ ብታለቀልቂው ይሻል ነበር ልጄ። ጨው ደርቆ ዝም አይልም። ከአየሩ ውሃ እየጠጣ ብረቱን ይበላል» አሉኝ። ፈትተው አጠቡት፣ የውስጥ ቅባቱን ቀየሩት። መስታወቱ ነፃ ነው። ቀለበቱ የሚሄድበት ጥርስ ውስጥ ግን አንድ ሁለት ቅንጣት ቀርቷል፣ ጥርሱንም ትንሽ በልቶታል። «ትሠራለች» አሉኝ፣ «ግን ታወራለች።» አንቺ «ሌንሷ ደህና ናት?» ብለሽ የላክሽልኝ በዚያው ሳምንት ነው። ማን እንደነገረሽ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ መጋቢት ላይ ሰፈሩ ፈረሰ። ስቱዲዮአችን የነበረበት ቤት የለም። ሽማግሌውም ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ይሄን ሰምተሻል፣ ፎቶውንም አይተሻል፣ አልደግመውም። የዓድዋ መታሰቢያው ቆሟል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ብዙ ነው። እኔ ብዙም ሳልርቅ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሠርግ አሁንም አነሳለሁ፣ ያው እንጀራ ነው።

አሸዋው ግን አልለቀቀኝም። በክረምት ሥራ ስለሌለ ሳነብ ኸርታ ኤርተን የምትባል እንግሊዛዊት አገኘሁ። ይቺን ሴት ማወቅ አለብሽ። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። በ1902 እ.ኤ.አ. ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ በአባልነት ተጠቁማ፣ ባለትዳር ሴት ነሽ ተብላ ተከለከለች። በ1904 እዚያው ቤት ገብታ የራሷን ጥናት በራሷ አንደበት ያነበበች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስለ ምን መሰለሽ? ስለ አሸዋ ሽንሽን! በመስታወት ገንዳ ውሃና አሸዋ አድርጋ እያወዛወዘች ታጠናው ነበር። አንዲት ትንሽ ጉብታ ካለች በቂ ናት ትላለች። ውሃው በጉብታዋ ላይ ሲያልፍ ከኋላዋ ይሽከረከራል፣ ሽክርክሪቱ አሸዋ ይዝቅና ቀጥሎ ሌላ ጉብታ ያበጃል። ያኛው ደግሞ ቀጣዩን።

እኔስ ከማን አንሳለሁ አልኩ። የልብስ ሳፋዬን አወጣሁ። ጎረቤት ከሚሠራው ቤት ሁለት ጣሳ አሸዋ ለምኜ ነፋሁት። ውሃ ጨምሬ ማወዛወዝ ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም። ውሃው ደፈረሰ፣ ክንዴ ዛለ። ከዚያ ለቀቅ አድርጌ፣ እኩል እኩል፣ ሕፃን እንደማስተኛ ሳወዛውዘው አንዲት መስመር ብቅ አለች። ቀጥሎ ጎኗ ሌላ። በአምስተኛው ደቂቃ ላይ የሲየስታ ዳርቻ ሳፋዬ ውስጥ ነበር። አከራዬ በሩን ከፍተው «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዝናብ ምን ልብስ ታጥቢያለሽ?» አሉኝ። «አሸዋ ነው እማማ» አልኳቸው። ዓይኔን አይተው ዝም ብለው በሩን ዘጉት። ማታ ጠበል ላኩልኝ።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ እንኳ አልጻፍኩልሽም ነበር። ያስጻፈኝ ያለፈው ማክሰኞ ነው፣ የጥምቀት ማግስት። ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ እየወጣሁ ነበር። መንገዱ በበዓሉ ምክንያት ተጠርጎ ንጹሕ ሆኗል። ገና ጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ትመጣለች። አንድ አሮጌ ግቢ ደጃፍ ላይ የተነጠፈ የአምቦ ድንጋይ አለ፣ ያንን ቀላ ያለውን ታውቂዋለሽ፣ ብዙ የድሮ ቤቶች የተሠሩበት። የአምቦ ድንጋይ እኮ አሸዋ ነው። የተኛ አሸዋ ተጭኖና ተጣብቆ ድንጋይ የሆነ። ይሄን ሳውቀው ኖሬያለሁ፣ አስቤው ግን አላውቅም።

ከአራቱ ንጣፎች አንዱ ሽንሽን ነው።

ቆምኩ። አላፊ አግዳሚው እየገፋኝ ቆምኩ። ክንድ ተኩል የምትሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት። ላይዋ ላይ ስድስት እጥፋት አለ፣ መሃሉ በሰው ጫማ አልቆ ለስልሷል፣ ዳርና ዳሩ ግን ትናንት የተሠራ ይመስላል። ተንበርክኬ በጣቴ ዳበስኩት። በአንድ በኩል ለስላሳ ዳገት። በሌላው ቀጥ ያለ ቁልቁለት። ጅረት ነበር! ማንም ሰው ሳይኖር፣ ስንት ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ውሃ በዚህ አሸዋ ላይ አልፎ ሄዷል። ቁልቁለቱ ወደ ስድስት ኪሎ ነው የዞረው። ይሄ እንኳ ምንም ማለት አይደለም፣ ግንበኛው ድንጋዩን እንዳሻው አዙሮ ነው የቀበረው። ግን እኔና አንቺ ስንት ዓመት በዚያ ደጃፍ ተመላልሰናል? ዝናብ ሲይዘን እዚያች ጣሪያ ሥር አልነበር የምንጠለለው? እሷ ላይ ቆመን ነበር እኮ፣ እርጥብ ጫማችንን እያየን።

ሌላ ሌንስ ይዤ ነበር። ቤት ተመልሼ የጋሼን 50 አመጣሁ። የግቢው ዘበኛ «ምን ጠፋሽ?» ብሎ አብሮኝ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። አሳየሁት። «እሱማ ሲሠሩት የሚያንሸራትት እንዳይሆን የሰነጠቁት ነው» አለኝ። አልተከራከርኩትም። አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳኋት። ፎከሱን ባዞርኩ ቁጥር ቅርርር ይላል። ዘበኛው «ካሜራሽ ታሟል» አለኝ።

አንቺ አሁን ሃሊፋክስ ነሽ፣ ባሕር ደጅሽ ነው፤ እኔ ደግሞ ለሁለት ጠዋት ብዬ ይሄን ሁሉ መከራ አየሁ። ካንቺ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ርቆ ያለው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ በዓለም ላይ ትልቁ ሙላት ያለበት ነው። ሚናስ በሚባለው ጫፉ ውሃው እስከ 16 ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል፣ የአራት አምስት ፎቅ ቤት ማለት ነው። ምክንያቱ ሳፋዬ ውስጥ ገብቶኛል። ሳፋውን በራሱ ምት ከገፋሽው፣ ትንሽ ገፍተሽው ውሃው ከጠርዙ ይዘላል። ያ ባሕረ ሰላጤም ርዝመቱና ጥልቀቱ ከባሕሩ ምት ጋር ገጥሟል፣ በየ12 ሰዓት ተኩሉ ገደማ እየተገፋ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲጎድል ሰው ወለሉ ላይ ይራመዳል አሉ። ሂጂ። ሰዓቱን ጠይቀሽ ሂጂ፣ ጠዋት ወይ ማታ ፀሐይ ስትጋደም። ውሃውን አታንሺልኝ። ቦርሳሽንም መሬት አታስቀምጪ።

ሌንሷን በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። የአክስቴ ልጅ ፋሲካን አሳልፋ ቶሮንቶ ትመለሳለች፣ ከዚያ በፖስታ ትልክልሻለች። በዚያችው ነጠላ ጠቅልያታለሁ፣ ነጠላዋ ታጥባለች። የድንጋይዋን ፎቶ አትሜ ከውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ የጠጠሯንም እንዲሁ። አንዱ ሌንሷ ከመበላሸቷ በፊት ነው፣ ሌላው በኋላ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከለየሽ ንገሪኝ። ስትደርስሽ መጀመሪያ ካሜራ ላይ አትግጠሚያት። ጆሮሽ ላይ አስጠግተሽ ቀለበቱን ቀስ ብለሽ አዙሪው። ሦስት ሜትር የሚለው ምልክት አካባቢ ስትደርሺ ትሰሚዋለሽ፣ የሲየስታ አሸዋ ነው።

ያንቺው